ጆን ኦዶኖቫን፦ የአየርላንድን የቦታ ስሞች ከአረጋውያን አፍ የሰበሰበው ሊቅ

በአየርላንድ ጎዳናዎች የሚጓዝ ሰው በየመታጠፊያው ሁለት ስም የተጻፈባቸው የመንገድ ምልክቶች ያያል። ከላይ ዘመም ባሉ ፊደላት የአይሪሽ ቋንቋው ስም፣ ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ ፊደላት የእንግሊዝኛው ስም ሰፍሯል። ለእንግዳ አንዱ የሌላው ትርጉም ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የታችኛው ስም በራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊ የላይኛውን ሰምቶ ጆሮው እንደያዘለት ያሰፈረው ድምፅ ነው። ደብሊን በእንግሊዝኛ ባዶ ድምፅ ነው፤ ምንጩ የሆነው ዱቭ ሊን ግን ጥቁር ኩሬ ማለት ነው። ቤልፋስት የአሸዋ ደለል ያለበት የወንዝ አፍ፣ ኮርክ ረግረግ፣ ዴሪ ኦክ የሚባለው የበሉጥ ዛፍ ደን ነው። ዶኔጎል ደግሞ የባዕዳን ምሽግ ማለት ነው።

እነዚህ ትርጉሞች ዛሬ ማንም ሰው መጽሐፍ ገልጦ የሚያገኛቸው ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ግን አብዛኞቹ የሚገኙት በገጠር ሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ፈልቅቀው ወደ ወረቀት ካመጧቸው ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ጆን ኦዶኖቫን የተባለ የገበሬ ልጅ ነው። ሥራውን የሠራው ለብሪታንያ መንግሥት፣ ደመወዙን የተቀበለውም ከብሪታንያ ጦር የካርታ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙ እስካሁን ሲያከራክር የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኦዶኖቫን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1806 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ በኪልኬኒ ግዛት፣ ስሊቭሩ በተባለ አጥቢያ ነው። ስሊቭሩ ቀይ ተራራ ማለት ነው። ኪልኬኒ ደግሞ ቅዱስ ካኒስ በተባለ የ6ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። አባቱ በ1817 ሲሞት ገና ልጅ ነበር። የሀገሩን የዘር ሐረግና የጥንት ታሪክ ፍቅር ያሳደረበት ፓትሪክ የተባለ አጎቱ እንደነበር በኋላ ራሱ መስክሯል። በ1823 ወደ ደብሊን ሄዶ ላቲን ተማረ። ካህን የመሆን ሐሳብ ነበረው፤ ነገር ግን ሕይወት ወደ ሌላ የብራና ሥራ መራችው። ጄምስ ሃርዲማን የተባለ የታሪክ ሰው ጥንታዊ የአይሪሽ ጽሑፎችን እንዲገለብጥለት ቀጠረው። በዚህ የቁም ጸሐፊነት ሥራ ላይ ሳለ የጥንቱን የአይሪሽ አጻጻፍ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ አጥርቶ የሚያነብ ወጣት ሆነ።

በዚያው ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት አየርላንድን ከዳር እስከ ዳር እያስለካ ነበር። በ1824 የተጀመረው የዚህ ሥራ ምክንያት ታሪክም ቋንቋም አልነበረም፤ ግብር ነበር። የአየርላንድ ገጠር ታውንላንድ በሚባሉ፣ ከአንድ ጎጥ እምብዛም በማይሰፉ ከ60,000 በላይ ቁራሾች የተከፋፈለ ነው። የየአካባቢው ግብር የሚደለደለው በእነዚሁ ቁራሾች ቢሆንም ስፋታቸው በትክክል ተለክቶ ስለማያውቅ አንዱ የሌላውን ዕዳ ይሸከም ነበር። ልኬታው ኦርድናንስ ሰርቬይ ለተባለው የጦሩ የካርታ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ኃላፊው ቶማስ ኮልቢ የተባለ መኮንን ሲሆን፣ የመሬቱ አንድ ማይል በካርታው ላይ ስድስት ኢንች እንዲሆን ተወሰነ። ለአንድ ሀገር በሙሉ እንዲህ ዝርዝር ያለው ካርታ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

ማሳና ተራራ በሰንሰለትና በመነጽር ይለካሉ፤ ስም ግን አይለካም። ወታደሮቹ ወደ አንድ ታውንላንድ ሲደርሱ ባለርስቱ ስሙን በአንድ ዓይነት፣ ቄሱ በሌላ ዓይነት፣ ግብር ሰብሳቢው በሦስተኛ ዓይነት ጽፎት ያገኛሉ። በ1650ዎቹ ዊልያም ፔቲ በመራው ልኬታ ጊዜ የተጻፈው ደግሞ አራተኛ ነው። ሁሉም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል አጣጣል፣ ብዙዎቹም ቋንቋውን በማያውቅ እጅ ነው። ወታደሮቹ እነዚህን ልዩነቶች ሁሉ የስም መዝገብ በተባሉ ትንንሽ ደብተሮች ላይ እየዘረዘሩ ወደ ደብሊን ይልኩ ነበር። በካርታው ላይ መስፈር የሚችለው ግን አንዱ ብቻ ነው። የትኛው?

የዕለት ተዕለት ሥራውን ይመራ የነበረው ቶማስ ላርኮም የተባለ ወጣት መኮንን ጥያቄውን በትእዛዝ ብቻ ሊዘጋው ይችል ነበር። አላደረገውም። እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ ስሞቹን ለመረዳት አይሪሽ ለመማር ወሰነና በ1828 አስተማሪ ፈለገ፤ ያገኘው አስተማሪ ኦዶኖቫን ነበር። ስሞቹን ይመረምር የነበረው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ኤድዋርድ ኦራይሊ በ1830 ሲሞት ቦታው ለኦዶኖቫን ተሰጠ። ዕድሜው 24 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ማዕከል የነበረው በደብሊን ፊኒክስ ፓርክ ውስጥ ነው። ፊኒክስ በአፈ ታሪክ ከአመዱ ተነሥቶ ዳግም የሚወለደው የእሳት ወፍ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመንም የወፉ ምስል አናቱ ላይ የተቀመጠ ሐውልት በመናፈሻው መካከል ቆሟል። የቦታው የጥንት ስም ግን ፊዮን ኢሽከ ነበር፤ ጥሩ ውሃ፣ የጠራ ውሃ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ውሃውን እሳት አድርጎ ሰማው፤ ሐውልት ሠሪውም በድንጋይ አጸናው። የስም አራሚዎቹ ቢሮ በተሳሳተ ስም መካከል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ኦዶኖቫን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈው ደብሊን ውስጥ ከብራናዎችና ከስም መዝገቦች ጋር ነው። ብዙም ሳይቆይ በወረቀት ላይ ያለው ማስረጃ እንደማይበቃ ገባው። በ1834 ወደ ሰሜን ምሥራቁ የዳውን ግዛት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመታት ያህል ሀገሩን አጥቢያ በአጥቢያ ዞረው። በእግሩም በፖስታ ጋሪም ተጓዘ። የስም መዝገቡን ይዞ አንድ መንደር ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው በዕድሜ የገፉ የአይሪሽ ተናጋሪዎችን ነበር። ስሙን እንዲጠሩለት ያደርጋል፤ አፋቸው ላይ ያለውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ከብራናው ጋር ያስተያያል። ከዚያ በመዝገቡ ላይ የአይሪሹን መነሻ ቅርጽና ትርጉሙን ጽፎ፣ በካርታው ላይ ቢወጣ ይሻላል የሚለውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያመለክታል።

ጆሮው ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአየርላንድ ስማቸው ኪል ብሎ የሚጀምር ቦታዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በአይሪሽ ግን መነሻቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንደኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ደን ማለት ነው። የሚለዩት በመጀመሪያዋ ድምፅ አነባበብ ነው፤ አንደኛው ላልቶ ወደ ላንቃ ይጠጋል፣ ሁለተኛው ወደ ጉሮሮ ይወፍራል። የእንግሊዝኛ ፊደል ይህን ልዩነት መያዝ ስላልቻለ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። የአማርኛ አንባቢ ነገሩን ለመገመት አይቸገርም፦ አለ የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ ብቻ ያየ ሰው ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት ይሁን አያውቅም፤ ሲጠራ የሰማ ግን አይሳሳትም። ስለዚህ ኪልሞር የተባለ ቦታ አንዱ ጋ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ጋ ታላቅ ደን ሊሆን ይችላል። ኦዶኖቫን ሽማግሌ ያናግራል፣ በአቅራቢያው የድሮ መቃብር ወይም የፈረሰ ግድግዳ መኖሩን ያያል፣ ከዚያ ይፈርዳል።

ስሞቹ የያዙት እምነትንና ምሽግን ብቻ አልነበረም። በእርሱ ዘመን የአየርላንድ ጥንታዊ ደን ከሞላ ጎደል ተመንጥሮ አልቋል፤ ዴሪ ብለው የሚጀምሩት በርካታ ስሞች ግን የበሉጡ ዛፍ የት የት በቅሎ እንደነበር ይናገራሉ። በምዕራቡ የሜዮ ግዛት የምትገኘው ብሬፊ የተኩላ ሜዳ ማለት ነች። የአየርላንድ ተኩላ የጠፋው ኦዶኖቫን ከመወለዱ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። እንስሳው ሄዷል፤ ሜዳው ግን ስሙን አልለቀቀም።

ከየማደሪያው ለላርኮም ይጽፋቸው የነበሩት ደብዳቤዎች ዛሬ በሮያል አይሪሽ አካዳሚ ይገኛሉ። መደበኛ ዘገባ መሆን ሲገባቸው የአንድ ሰው ማስታወሻ ሆነው ቀርተዋል። ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ እየጻፈ በመሐል ስለ ዝናቡ፣ ስለ እርጥብ አልጋው፣ ከደብሊን በጊዜ ስላልደረሱለት ወረቀቶች ያማርራል። ያገኛቸው ሰዎች ዕውቀት ያስደንቀዋል፤ አላዋቂ ሆኖ ሊቅ ነኝ የሚለውን ደግሞ አይምርም። ጥር 1839 ቶማስ ኦኮኖር ከተባለ ባልደረባው ጋር የሁለቱ ሐይቆች ሸለቆ ማለት በሆነችው በግሌንዳሎክ በነበረበት ሌሊት አየርላንድን ያናወጠው ታላቅ ነፋስ መጣ፤ የማደሪያ ክፍሉን መስኮት ገነጠለበት። እርሱም ይህን ከጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ጋር አያይዞ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎታል። እኔ እንደምመለከተው፣ የደብዳቤዎቹ ጣዕም ያለው በዚህ መዘበራረቅ ውስጥ ነው።

ብቻውንም አልነበረም። ክፍሉን የሚመራው ሠዓሊውና የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪው ጆርጅ ፔትሪ ነበር። ከምዕራቡ የክሌር ግዛት የመጣው ዩጂን ኦከሪ ብራናዎቹን ከኦዶኖቫን ባላነሰ ያውቃል። ገጣሚው ጄምስ ክላረንስ ማንገን እንኳ ለተወሰነ ጊዜ እዚያ በገልባጭነት ሠርቷል። ኦዶኖቫንና ኦከሪ ሁለት እኅትማማቾችን አግብተው ዘመዳሞችም ሆነዋል።

መንግሥት ግን የጠየቀው ካርታ ነው እንጂ ታሪክ አልነበረም። ከካርታዎቹ ጋር የየአጥቢያውን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ እንዲወጣ ታቅዶ፣ በዴሪ ዙሪያ ያለውን የቴምፕልሞርን አጥቢያ የሚመለከተው በ1837 ታተመ። ወጪው ስለበዛ እቅዱ ተቋረጠ፤ በ1842 ክፍሉ ራሱ ተዘጋ። በ1833 በለንደንደሪ ግዛት የጀመረው የካርታ ኅትመት በ1846 በኬሪ ግዛት ተጠናቀቀ።

ቀኖቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1845 የድንች ሰብል በበሽታ ተመታ፤ ታላቁ ረኃብ ገባ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዶ ተቆጠረ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ የዚያን ያህል ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። እጅግ የተጎዱት የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ድሆች፣ ማለትም በብዛት አይሪሽ የሚናገሩት ነበሩ። ኦዶኖቫን ከዐሥር ዓመት በፊት ደጃቸው ቆሞ የቦታ ስም የጠየቃቸው ሽማግሌዎች ከነመንደራቸው የጠፉበት ጊዜ ነው። መንግሥት ልኬታውን ሃያ ዓመት ዘግይቶ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ በብዙ ጎጦች የኪልን ትርጉም የሚነግር አንድ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ኦዶኖቫን ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣ በኋላ በእጁ የነበረውን ዕውቀት ወደ መጻሕፍት ለወጠው። በ1845 የአይሪሽ ቋንቋ ሰዋስው አሳተመ። ቀጥሎ ትልቁን ሥራውን አወጣ፤ በ1630ዎቹ ሚሂያል ኦክሌሪ የተባለ የፍራንሲስካን ወንድምና ጓደኞቹ ያጠናቀሩትን የአራቱ ሊቃውንት ዜና መዋዕል ከትርጉምና ከሐተታ ጋር በሰባት ቅጾች ከ1848 እስከ 1851 አሳተመ። ዜና መዋዕሉ የአንድን ጦርነት ወይም የአንድን ገዳም ቦታ ስም ብቻ ጠርቶ በሚያልፍበት፣ የኦዶኖቫን የግርጌ ማስታወሻ ቦታው ዛሬ የትኛው ግዛት፣ የትኛው ታውንላንድ እንደሆነ ያመለክታል። በእግሩ የዞረው ሀገር በሙሉ ተጣጥፎ የገባው እዚያ ግርጌ ውስጥ ነው።

ክብር አላጣም። ሮያል አይሪሽ አካዳሚ ሜዳሊያ፣ ደብሊን ያለው ትሪኒቲ ኮሌጅ የክብር ዶክትሬት ሰጡት። በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ የኬልቲክ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆነ፤ ተማሪ ግን እምብዛም አልነበረውም። የጀርመኑ የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም አስመክሮለት በ1856 የበርሊን አካዳሚ አባል ተባለ። ገንዘብ ግን ሁልጊዜ አጠረው። ከ1852 ጀምሮ ከኦከሪ ጋር ብሬሆን የሚባሉትን ጥንታዊ የአየርላንድ ሕጎች እየገለበጠና እየተረጎመ ሳለ ታመመ፤ ታኅሣሥ 1861 በ55 ዓመቱ ደብሊን ውስጥ አረፈ። ኦከሪም በቀጣዩ ዓመት ተከተለው። የሕጎቹ መጽሐፍ መታተም የጀመረው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ፣ በ1865 ነው።

ልጆቹ የአባታቸውን ጎዳና አልተከተሉም። ከፊሎቹ የብሪታንያን አገዛዝ በኃይል ለማስወገድ ይታገል የነበረውን የፊኒያን ንቅናቄ ተቀላቀሉ። ከእነርሱ አንዱ ኤድመንድ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆኖ በመካከለኛው እስያ እስከ መርቭ ዘለቀ። መጨረሻው የሆነው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ነው። በ1883 በኮርዶፋን የማህዲን ኃይል ሊወጋ ከዘመተው ከሂክስ ፓሻ ጦር ጋር ዴይሊ ኒውስ ለተባለው የለንደን ጋዜጣ እየዘገበ ተጓዘ። ኅዳር ላይ ጦሩ ሼካን በተባለው ስፍራ ሲደመሰስ አብሮ ጠፋ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ኦዶኖቫን በሕዝቡ አፍ ላይ የነበረውን ስም ካረጋገጠ በኋላ ለካርታው የሰጠው የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ነው። የላርኮም መመሪያ ከሚገኙት የእንግሊዝኛ አጻጻፎች መካከል ለአይሪሹ መነሻ የሚቀርበው እንዲመረጥ ነበር፤ አይሪሹ ራሱ በካርታው ላይ አልወጣም። መንደር ወይም ሰፈር ማለት የሆነው ባልየ የሚለው ቃል በሺህ በሚቆጠሩ ስሞች ላይ ባሊ ሆኖ የጸናው በዚህ መንገድ ነው። ብራያን ፍሪል የጻፈውና በ1980 በዴሪ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ትርጉሞች የተሰኘው ተውኔት ይህን ስም የመቀየር ሥራ የአንድ ሕዝብ መንፈስ ሲነጠቅ አድርጎ አቅርቦታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰው ዘንድ የካርታው ሠራተኞች ስም ነጣቂዎች ሆነው ቀሩ።

የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ አይስማሙም። ስሞቹ በእንግሊዝኛ መጻፍ የጀመሩት ቢያንስ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በርስት ውሎችና በግብር መዛግብት ነው፤ በ1830ዎቹ የተደረገው ከነበሩት መካከል መምረጥ ነበር። መከራከሪያው ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሁሉንም ዕዳ አይሰርዝም። እስከዚያ ድረስ አንድ ስም በአምስት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል የትኛውም የመጨረሻ አልነበረም። ካርታው ከወጣ በኋላ ግን አንዱ ሕጋዊ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም፣ ባቡር ጣቢያውም፣ ፍርድ ቤቱም ያንኑ ተቀበለ። ያንን ያጸናው የኦዶኖቫን ብዕር ነው። የአይሪሹን ቅርጽ በዚያው ደብተር በዚያው ገጽ ላይ ያኖረውም ይኸው ብዕር ነው።

ደብተሮቹ መደርደሪያ ላይ አልቀሩም። ፓትሪክ ዌስተን ጆይስ የአየርላንድ የቦታ ስሞችን አመጣጥ የሚያስረዳውን፣ የመጀመሪያ ቅጹ በ1869 የታተመውን ተወዳጅ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ በእነርሱ ላይ ተመሥርቷል። አየርላንድ ራሷን ማስተዳደር ከጀመረች በኋላም በ1946 የቦታ ስሞች ኮሚሽን ተቋቁሞ የየቦታውን የአይሪሽ ስም እያጣራ እንዲወስን ሲደረግ፣ ተመራማሪዎቹ ከሚገልጧቸው ማስረጃዎች መካከል የ1830ዎቹ የስም መዝገቦች ነበሩበት። ዛሬ በመንገድ ምልክቱ የላይኛው መስመር ላይ ከሚነበቡት ስሞች ብዙዎቹ በዚያ ሚዛን ያለፉ ናቸው።

ጉዳዩ ግን ሁልጊዜ በምሁራን ብይን አይዘጋም። ከ2005 ጀምሮ አይሪሽ በሚነገርባቸው አካባቢዎች የአይሪሹ ስም ብቻ ሕጋዊ እንዲሆን ሲደረግ፣ በኬሪ ግዛት ያለችው የቱሪስት ከተማ ዲንግል አን ዳንጊን ተባለች። ነዋሪዎቿ ተቃወሙ። በ2006 በተሰጠ ድምፅ አብዛኞቹ የመረጡት ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን መያዝን ነው፤ የእንግሊዝኛውን ዲንግል፣ ከእርሱም ጋር የኦኩሽ ቤተሰብ ምሽግ የሚል ትርጉም ያለውን ሙሉውን የአይሪሽ ስም። ፓርላማው ይህንኑ በሕግ ያጸደቀው በ2011 ነው።